ለአንድ ዓመት የተከራየ ስም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ውስጥ ከጠባሴ ወደ መሀል ከተማ በባጃጅ ስመለስ፣ አንድ የግንብ አጥር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ጽሑፍ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ፀሐይና ዝናብ ልጠውታል፤ ግማሹ ላይ የስብሰባ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፤ ቢሆንም ነጥብ ኮም የምትለዋ ጭራ አልጠፋችም። «አቁምልኝ» አልኩት ሾፌሩን። «ምን ጠፋብዎት እናቴ?» አለኝ። ጽሑፉን በጣቴ አሳየሁት። አንገቱን አስግጎ አነበበና ሳቁን ለቀቀው። «ይሄማ የቤቲንግ አድራሻ ነው! እርስዎም ትኬት ይቆርጣሉ እንዴ?» በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ኳስ ስታስይዝ ታይታው መሰለኝ፣ ሳቁ አላባራም። ምን ያድርግ፣ የሚያውቀው ያገኘውን ነው። እኔ ግን ሒሳቡን ሰጥቼው ወረድኩና የቀረውን መንገድ በእግሬ አዘገምኩ። ያ አድራሻ የቁማር ቤት ከመሆኑ በፊት ምን እንደነበረ የምናውቅ ሰዎች ከቀን ወደ ቀን እያነስን ነው።

አድራሻ የሚባለው ነገር ድሮም እንጀራዬ ነበር። ልጅ እግር ሳለሁ አንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። የአንኮበር ጉም ጠዋት ከቆላው ተነስቶ ሲመጣ የጎረቤት በር እንኳ አይታይም። ስልክ ቤቷ ቆርቆሮ የለበሰች የጭቃ ቤት ነበረች፤ ውስጧ ገመድ የሚሰካበት ማዞሪያ፣ ጆሮ ላይ የሚደፋ ማዳመጫና ለደንበኛ የሚሆን አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ። አረንጓዴ ሹራቤን በጉርድ ቀሚስ ለብሼ፣ ጉልበቴን በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ እቀመጥ ነበር። አፍሮዬን ማዳመጫው እየደፈጠጠ ያስለቀሰኝ ልቅሶ! ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት የባትሪ ራዲዮ ይዘፍናል፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ በአሥራ አምስት። ዘፈኑ ጥሩ ሲሆን መስመሩን ለአፍታ አስጠብቄ አዳምጥ ነበር፤ የደወለውም ሰው በማዳመጫው እየሰማ ዝም ይላል። የወረዳው ስልኮች ጥቂት ስለነበሩ ቁጥር የሚጠራ አልነበረም። «እባክሽ ስንዱ፣ ባለ ወፍጮውን ስጪኝ» ነው የሚሉኝ። እኔም «አሁን የሉም፣ ለቅሶ ሄደዋል፤ ማታ ልንገርልዎት?» እላለሁ። ሰው ቤት ቢለቅ፣ ቢታመም፣ የስልክ ክፍያ ቢዘገይበት አይጠፋም፤ የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ዛሬ በዓለም ላይ ስንትና ስንት አዋቂ ተሰብስቦ የሚያስተዳድረውን የአድራሻ ነገር፣ በዚያች ጭቃ ቤት እኔ ብቻዬን በጆሮዬ አስተዳድረው ነበር ስል ይስቁብኛል። ይሳቁ።

መምሬ ተክሌን ያወቅኳቸው ያኔ ነው። ገና ዲያቆን ነበሩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በርኖሳቸውን ደርበው፣ የደብራቸውን ጉዳይ ለሀገረ ስብከት ሊደውሉ ይመጣሉ። ስልኩን እንደ መስቀል በሁለት እጃቸው ነበር የሚይዙት። ሥራ ስጀምር በመስመሩ የሰማሁትን ለማንም እንዳልናገር አለቆቼ አስምለውኝ ነበርና፣ የስንቱን ቤት ገመና ሰምቼ ዝም ብያለሁ። በኋላ እሳቸው ቅስና ተቀብለው የነፍስ አባቴ ሲሆኑ «እኔና አንቺ ሥራችን አንድ ነው፣ ሰምቶ ዝም ማለት» ይሉኝ ነበር። ቀልድ ነበር። ያን ቀልድ አሁን ሳስበው አያስቀኝም።

ማዞሪያው ሲቀር ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ፤ ጡረታ ስወጣ ደግሞ ከመናኸሪያው ማዶ በአንዲት ጠባብ ክፍል ኢንተርኔት ካፌ ከፈትኩ። እነዚያ ጀርባቸው እንደ ሣጥን የገፋ ኮምፒዩተሮች! ጠዋት ሲለኮሱ የተቃጠለ አቧራ ይሸታሉ፤ በክረምት ደግሞ ከዝናብ የገባው ሰው ሁሉ እርጥብ የሱፍ ጋቢ ይሸታል፤ ሁለቱ ሽታ ተደባልቆ እስከዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሒሳቡ በደቂቃ ነበር። ዲቪ የሚሞላው፣ ለውጭ አገር እጮኛው የሚጽፈው፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ዝቅ አድርጎ ዘፈን የሚያወርደው፣ ሁሉም እዚያች ክፍል ይተፋፈጋል። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻይ ይጠጣል፤ እስኪከፈት ጨዋታ ይጀመራል፤ ሳይከፈት መብራት ይሄዳል። ደስ ይል ነበር። ደስታ መሆኑን ያኔ አላወቅንም እንጂ ደስ ይል ነበር።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። ከወለጋ በኩል የተፈናቀሉ ገበሬዎች በአይሱዙ እየተጫኑ ከተማችን ገቡ፤ መጠለያው ሞላ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ከሞቃት አገር የመጡ ሰዎች በነጠላ ሸማ ሲንቀጠቀጡ ማየት ነበር። ግን ከብርዱ ይልቅ የሚያሰቃያቸው የቀረው ሰው ነበር። በሽሽቱ ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ ተለያይቷል፤ ማን በየት ወጥቶ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም፤ ስልካቸው ተቃጥሏል ወይ ተቀምቷል። ዳዊት የሚባል፣ የኮምፒዩተር ትምህርት ጨርሶ በእኔ ካፌ ጥገና የሚሠራ ወጣት አንድ ቀን «እትዬ ስንዱ፣ ድረ ገጽ ልንሠራላቸው እኮ እንችላለን» አለኝ። ሰው ስሙን፣ የመጣበትን ቀበሌና አሁን ያለበትን ያስጽፋል፤ ሌላ ቦታ ያለው ዘመዱ ገብቶ ስሙን ሲጽፍ የእሱን ብቻ ያየዋል። ስሙም «ዘመድ ፍለጋ» ሆነ፣ መጨረሻው ነጥብ ኮም። አገራችን የምትጠራበትን ነጥብ ኢቲ የሚል ማለቂያ ብናደርገው ደስ ባለኝ፤ ግን ወረቀት ያስፈልገዋል ተባለ፤ ተፈናቃይ ደግሞ ወረቀቱ ከቤቱ ጋር ነድዷል።

እኔ መቼም ሳልጠይቅ አልቀመጥም። «ይሄን አድራሻ የሚሰጠው ማነው?» አልኩት ዳዊትን። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሁለት ዓይነት ነው እትዬ። አንደኛው ቁጥር ነው። ዓለም ላይ ኢንተርኔት ውስጥ የሚገባ ማሽን ሁሉ በቁጥር ነው የሚታወቀው። ቁጥሩ ከላይ ከአንድ ቦታ ለአምስት ቀጠና ይታደላል፤ የእኛ የአፍሪካው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ካለች ደሴት ነው የሚሰጠው። ከዚያ ለየአገሩ ኩባንያ፣ ከኩባንያው ለእኛ።» «ታዲያ የእኔ ቤት ቁጥር ስንት ነው?» «የብቻዎ የለዎትም። የድሮዎቹ ቁጥሮች አልቀዋል፤ ለእኛ አህጉር የደረሰው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ሰው በአንድ ቁጥር ነው የሚወጣው፤ እንደ ቦኖ ውኃ።» «ስሙስ?» «ስም ለብቻው ነው። ቁጥር ማስታወስ ስለማይቻል በላዩ ስም ይለጠፍበታል። የየማለቂያው መዝገብ አንድ ቦታ ይያዛል፤ ከታች ነጋዴዎች ያከራያሉ። ቀድሞ ለጠየቀ ነው የሚሰጡት።» «ያከራያሉ ነው ያልከው?» «አዎ፣ አይሸጥም። ከአንድ ዓመት እስከ አሥር ዓመት ይከራያል። ያዢው በቀኑ ካላደሰ ጥቂት ሳምንት ይታገሱታል፤ ከዚያ በቅጣት ማስመለስ የሚቻልበት አንድ ወር አለ፤ ከዚያ ይለቀቃል፣ የፈለገ ይወስደዋል።» «ያዢው ታሞ ቢሆንስ?» «ኢሜይል ይልኩለታል» አለኝ። በዚያ ጊዜ የጎረቤላዋ ስንዱ ውስጤ ሆና «ሰው ልከው አይጠይቁም?» ልትል ነበር፤ ዋጥኳት።

በመጠለያው ባሕር ዛፍ ሥር ስብሰባ ተደረገ። ዳዊት «ለአሥር ዓመት እንከራየው፤ ውጭ አገር ያለችው አክስቴ በካርዷ ትከፍላለች» አለ። አንድ ሽማግሌ ከዱላቸው ላይ ቀና ብለው «አሥር ዓመት እዚህ ትከርማላችሁ ነው የምትለን? ምን ዓይነት ሟርተኛ ልጅ ነህ?» አሉት። ሴቶቹ አማተቡ። ዳዊት ሊያስረዳ ሞከረ፤ ማን ይስማው። ለከርሞ አገራችን እንገባለን ብለው ነበር ቀኑን የሚገፉት፤ አሥር ዓመት መክፈል ማለት ተስፋ ቆርጦ መፈረም መሰላቸው። እኔም እዚያው ተቀምጬ ልክ ናቸው አልኩ በሆዴ። በአንድ ዓመት ተስማማን። በየዓመቱም ለአንድ ዓመት ብቻ እያደስን።

ያዢው ማን ይሁን ሲባል ደግሞ ክርክሩ በረታ። እዚያ ገጽ ላይ የስንቱ ሰው መደበቂያ ተጽፏል፤ ሁሉንም የሚከፍተው ቁልፍ ክፉ ሰው እጅ ቢገባ ያስፈጃል። የከተማው ሰው ለተፈናቃዩ፣ የአንዱ ወረዳ ተፈናቃይ ለሌላው አላምንም አለ። በመጨረሻ የዕድር ድንኳን ለሚታመን ሰው እንደሚሰጠው ሁሉ፣ እርቅ ለማውረድ ከአንኮበር የመጡት መምሬ ተክሌ ይያዙት ተባለ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን አወጣ። ዳዊት ኢሜይል ከፈተላቸውና የይለፍ ቃሉን ራሳቸው እንዲያወጡ ነገራቸው። «ለማንም አይንገሩ፣ አይጻፉት፤ ለእኔም ቢሆን» አላቸው። እግዜር ይይለትና፣ ለማን እንደሚናገር አላወቀም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ኪራዩ ሊያልቅ ሲል፣ በመስቀል በዓል ሰሞን መምሬ ካፌዬ ይመጣሉ። መስቀላቸውን ያሳልማሉ፣ ቁልፍ ሰሌዳው ፊት ይቀመጡና «በሉ ልጆቼ፣ ፊታችሁን አዙሩ» ይላሉ። ዲቪ የሚሞላውም፣ ዘፈን የሚያወርደውም፣ እኔም፣ ዳዊትም፣ ሁላችንም ተነስተን ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን። ቀስ እያሉ በአንድ ጣት ሲነኩት ይሰማናል። «ጨርሻለሁ» ሲሉ እንዞራለን፤ ዳዊት የቀረውን ይሞላል፤ አንድ ዓመት ይጨመራል። አድራሻው በራዲዮ ተነገረ፣ በየግንቡ ተጻፈ፣ በባጃጅ ጀርባ ተለጠፈ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች እንደ መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው ይዘውት ነበር። የተገናኘ ሰው ሲገኝ ካፌዋ እልልታ ይሆናል፤ እኔ የዚያን ቀን ለማንም ሒሳብ አልጠይቅም።

የሻረግ የምትባል ተፈናቃይ እናት ግን እልል አላለችም። አስማረ ከሚባል አንድ ልጇ ጋር ሲሸሹ ጫካ ውስጥ ነው የተለያየችው። «በራዲዮ ሲነገር ሰምቷል፤ አብሮት የነበረ ሰው ነግሮኛል፤ አድራሻውን በቃሉ ይዞታል» ትላለች። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ይሆናል፤ ከተማ ሲገባ ያየዋል። በየሳምንቱ መጥታ «ስሜ አለ?» ትለኛለች፤ ከፍቼ አሳያታለሁ። ማንበብ አትችልም፤ ግን ስሟ የተጻፈበትን መስመር በጣቷ ዳበስ አድርጋ ትሄዳለች። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሰው አገናኝቻለሁ፤ እንደ እሷ ላገናኘው የጓጓሁለት ሰው የለም።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በውጊያው ምክንያት ኢንተርኔት ከክልሉ ጠፋ፤ የአዲስ አበባው መንገድ ተዘጋ። ዳዊት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ሥራ ገብቶ ስለነበር እዚያው ቀረ። ስልክ ብቻ አንዳንድ ቀን ይሠራል። መስቀል ሲደርስ መምሬ እንደ ልማዳቸው መጡ፤ የሞተው ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጡ። ዳዊት በስልክ ተገኘ። «እትዬ፣ ቃሉን ይንገሩኝ በሏቸው፤ እኔ እዚህ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም» አለኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስልኩን ማን ማን እንደሚሰማው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ስልክ ማን እንደሚሰማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? የሻረግ ግን ከበሩ አጠገብ ነበረች። መጥታ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። «አባቴ፣ ልጄ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። እኔን የሚያገኝበት ሌላ መንገድ የለውም። በመስቀሉ ይዤዎታለሁ» አለቻቸው።

«ልጄ፣» አሉ እያለቀሱ፣ «ያንቺን አንድ ልጅ ብዬ የስንቱን እናት ልጅ አሳልፌ ልስጥ? ቃሉን ይዤው እሄዳለሁ። በእግሬም ቢሆን አደርሰዋለሁ።»

ሄዱም። ዋናው መንገድ ስለተዘጋ በደነባ በኩል ዞረው ሊገቡ ተነሱ። መንገድ የዘጉት ሰዎች ሁለት ጊዜ ከደነባ መለሷቸው። ሦስተኛው ላይ በበቅሎና በእህል መኪና ጀርባ እያሉ፣ በየደብሩ እያደሩ፣ መሀል ላይም ወባ ይሁን ብርድ ጥሏቸው አንድ ገበሬ ቤት ሰንብተው፣ የገና በዓል ሲቃረብ አዲስ አበባ ገቡ። የሆነውን ዳዊት በኋላ ነገረኝ። አቧራቸውን ሳያራግፉ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጡ፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በአንድ ጣታቸው ነኩ። ገጹ ተከፈተ፤ ቃሉ ትክክል ነበር። ስሙ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ግን ባዶ ነው። የትዕግሥቱም የቅጣቱም ጊዜ አልፎ ተለቋል፤ በተለቀቀበት ቅጽበት ሌላ ሰው ወስዶታል። የሚለቀቁ ስሞችን ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ማሽኖች አሉ አለኝ ዳዊት፤ ብዙ ሰው የሚመላለስበትን ስም መርጠው ያነሳሉ። በአራቱም ማዕዘን የተበተነ ወገን እናቱን አባቱን ፍለጋ ሲመላለስበት ዋለ፣ ያ መመላለሱ ነው ለቁማርተኛ ዋጋ ያወጣው። መምሬ «ቃሉን አሁን ልንገርህ?» አሉት። «ይቅር አባቴ» አላቸው።

አቤት ማለታችን አልቀረም። ዳዊት በእንግሊዝኛ ለአከራዩም፣ ለበላዮቹም ጻፈ። መልሱ ትሑት ነበር፤ ሰው ይሁን ማሽን የጻፈው አይታወቅም። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፣ አዲሱ ያዢ በአግባቡ ነው የወሰደው ይላል። እውነቱን ነው፤ ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰረቀም። የሚያናድደኝ እሱ ነው። የምሰድበው ሰው አጣሁ። ዳዊት የሰዎቹን ዝርዝር አድኖ በሌላ ስም አዲስ ገጽ ሠራ፤ ነገር ግን የተበተነው ሰው በቃሉ የያዘው የድሮውን ነው። አዲሱን ማን ይንገረው፣ በምን?

መንገዱ ተከፍቶ መምሬ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ መጠለያው ሄደው የሻረግ ፊት ቆሙ። «ዘገየሁብሽ» አሏት። መስቀላቸውን ተሳልማ ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲያ አንኮበር ገብተው ወደዚህ መጥተው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት በጋ ላይ፣ ረፋድ፣ ከየሻረግ ጋር የመጠለያው ቦኖ ጋ ተሰልፈን ስናወራ አንድ ሰው ወደ እኛ መጣ። ከአሶሳ በኩል ገና መድረሱ ነው፤ የእነ የሻረግ ቀበሌ ሰው ነው። የሻረግን ሲያያት ወደ ኋላው አፈገፈገ፤ «በስመ አብ!» ብሎ አማተበ።

«ምን ሆንክ?» አለችው። «የሻረግ ነኝ እኮ፤ ረሳኸኝ?»

«አንቺማ ተዝካርሽን በልቼ ነው የመጣሁት።»

የያዘችው ጀሪካን ወደቀ። ቀስ በቀስ ነገራት። አስማረ ከጫካ ወጥቶ አሶሳ ደርሶ ነበር። ቀን ሥራ ሠርቶ ስልክ ገዛ፤ የመጀመሪያ ሥራው አድራሻውን መጻፍ ነበር። ኳስና እየሳቀች ብር የምትቆጥር ሴት ሥዕል ወጣበት። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ደጋግሞ ጻፈው። ከዚያ ያገሩን ሰው ሁሉ ሲጠይቅ አንዱ እናትህ በተደበቀችበት ቤት ያሉት ሁሉ አልቀዋል አለው። አድራሻው የጠፋው ሰዎቹ ቢጠፉ ነው ብሎ አመነ።

የሻረግ አላለቀሰችም። «ምን አርዶ?» አለችው።

«በግ።»

«ከየት አምጥቶ?»

«ስልኩን ሸጦ። ከእንግዲህ ለማን ልደውልበት አለ። ከተዝካሩ በኋላ በሱዳን በኩል ከሚወጡት ጋር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።»

የአስማረ ቁጥር ግን ሰውዬው ስልክ ውስጥ ነበር። የሻረግ እኔን አየችኝ። «እትዬ፣ አገናኚኝ» አለችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ሰምቼ ገመድ ሰክቻለሁ። ደወልኩ፤ ጠራ፤ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ድምፅ «ሃሎ» አለ። ስልኩን ከነሲሙ ገበያ ላይ ከአንድ ልጅ ገዝቶታል፤ ልጁ የት እንደሄደ አያውቅም። ልዘጋው ስል የሻረግ ከእጄ ወሰደችው። አያያዟን አላወቀችበትም፤ አፏ ላይ አስጠግታ፣ ሩቅ እንዳለ ሰው ጮክ ብላ ተናገረች።

«ልጄ፣ አንተን አላስቸግርህም። ያ የሸጠልህ ልጅ አንድ ቀን ወደ ስልኩ ቢደውል፣ እናትህ አልሞተችም በልልኝ። ደብረ ብርሃን ናት፣ ብርድ ልብስ ሰጥተዋታል፣ ደኅና ናት በለው።»

ስልኩን የገዛው ሰው «እሺ እናቴ» አላትና ዘጋው። ስሟን ግን አልጠየቃትም።